ያልፈረምኩበት ስህተት

ለታላቅ ወንድሜ፣ ለጋሼ፣

እንዴት ሰንብተሃል? ወገብህስ? ቀኑን ሙሉ ተንበርክከህ ሴራሚክ ስታነጥፍ የሚይዝህ ውጋት ለቀቀህ ወይስ እንደ ልማድህ «ደህና ነኝ» እያልክ በላዩ ላይ ትሠራበታለህ? ባለቤትህ ከጉንፋኗ ዳነች? ትንሿ ልጅህ ጥርስ ጀመረች ብለህ ጽፈህ ነበር፤ እስካሁን አፏ ሞልቶ ሰው መንከስ ጀምራ ይሆናል። ቤታችሁን ሰላም ያድርገው። እኔ በአካል ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ጠዋት እነሳለሁ። ከዚህ ያለፈ ስለ ራሴ የምነግርህ ብፈልግ አጣሁ።

ደብዳቤህ ከደረሰኝ አሥራ ሁለት ቀን ሆነው። «ፈርሚና ተገላገይ፤ ፊርማ ምን አለው፣ ቀለም አይደል እንዴ» ብለሃል። ይህን ሌላ ሰው ቢለኝ መልስ አልሰጠውም ነበር። አንተ ግን እጄን ይዘህ ትምህርት ቤት ያስገባኸኝ ነህ፤ መልስ ይገባሃል። ደግሞም የመከርከኝ ሙሉውን ሳታውቅ ነው። በስልክ የነገርኩህ ግማሹን ብቻ ነው፤ እሱንም እማዬ «እንዳታስጨንቂው» እያለች በጎን እየቆነጠጠችኝ።

የደበቅንህን ላስቀድም። እማዬ ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሯል። አራት ወር ሊሞላው ነው። ስትሄድ በፈፋው ላይ የጣልክልን ሳንቃ አልተሰበረም፤ ይህን በደንብ ያዝልኝ፣ አውቅሃለሁ፣ ይህን መስመር አንብበህ ሥራህን ትተህ ሳንቃውን ስታስብ ትውላለህ። ሳንቃው ጤነኛ ነበር። ጎርፉ ነው ከተደገፈበት ድንጋይ ጋር ነቅሎ የወሰደው። በማግስቱ ውሃው ሲቀንስ እማዬ ከድንጋይ ድንጋይ እየረገጠች ልትሻገር ሞከረች፤ ሦስተኛው ላይ አዳለጣት። ጎረቤታችን ልብስ አጣቢዋ ጮኸች፤ ባለሱቁ ሮጦ መጣ፤ የሱቁን መዝጊያ ነቅለው በእሱ ላይ አስተኝተው አወጧት። እኔ ቢሮ ነበርኩ። ስደርስ እማዬ መዝጊያው ላይ ተኝታ «ቀስ በሉ፣ ጆንያ አይደለሁም» እያለች ትሳደባለች። አሁንም ትሳደባለች፤ ስለዚህ አትፍራ። ግን አትራመድም። በመጀመሪያው ሆስፒታል እግሯን በክብደት ጎትተው አስተኝተዋት ነበር፤ አጥንቱ በደንብ አልገጠመም፤ ተከፍቶ ብረት ይግባበት ተባለ።

ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔም ማልቀስ እንዳለብኝ አውቄ ጠበቅኩ። አልመጣም። እስካሁንም አልመጣም።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልምጣ። አንተ የሄድከው ግብሩ ከመምጣቱ በፊት ስለሆነ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳህ። የማዘጋጃ ቤቱ ካዝና ለደመወዝና ለነዳጅ እንጂ ለመንገድና ለቦይ አይበቃም። ስለዚህ ምክር ቤቱ አንድ ሐሳብ አመጣ፦ በከተማው ውስጥ ከሚሸጥ ዕቃ ሁሉ ከመቶ አንድ ይሰብሰብ፤ ለስምንት ዓመት ብቻ፤ ገንዘቡም ለብቻው ይቀመጥ። ከእሱ ደመወዝ አይከፈልም፣ መኪና አይገዛም፤ ተቆፍሮ ወይም ተገንብቶ በዓይን የሚታይ ነገር ብቻ ይሠራበታል። ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ካልፈቀደ ግን አይሆንም። ሕዝብ ደግሞ የሚፈቅደው ምን እንደሚሠራለት ሲያውቅ ነውና አሥራ ሁለት ሥራዎች በቅደም ተከተል ተዘረዘሩ። ቅደም ተከተሉ ቀልድ አይደለም። ከተማው ገንዘቡ እስኪጠራቀም አይጠብቅም፤ ወደፊት የሚገባውን ግብር አሳይቶ ከባንክ ይበደርና ከላይ ያሉትን ሦስቱን ወዲያው ይጀምራል። ከአራተኛ በታች ያለው «ሲተርፍ» ነው። ሲተርፍ ማለት ምን ማለት እንደሆነ በኛ ቤት ላደገ ሰው አይነገርም።

የማብራሪያውን ጽሑፍ ለማዘጋጃ ቤቱ የጻፍኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ተቃውሜ ነበር። ለክፍሉ ኃላፊ፣ ለአለቃዬ፣ ይህ ግብር ደሃውን ይነክሳል አልኩት፤ ጠበቃውም ልብስ አጣቢዋም ለአንድ ሳሙና እኩል ነው የሚከፍሉት፣ እሷ ደግሞ ከእሱ አሥር እጥፍ ሳሙና ትገዛለች። ሳቀና «እውነትሽን ነው፤ ይህን ግን አትጻፊው» አለኝ። (ያኔ «እሳቸው» ነበር የምለው፤ አሁን አፌ አይታዘዘኝም።) አልጻፍኩትም። በዝርዝሩ አንደኛው የታችኛው ሰፈር የጎርፍ ማፍሰሻ ቦይ ነበር፣ ከነመሻገሪያ ድልድዩ። ደሃ መክፈሉ ካልቀረ ቀድሞ ይሠራለት ብዬ ራሴን አሳመንኩ። አሥራ አራት ገጽ ጻፍኩ። አለቃዬ በቀይ እስክሪብቶ ነጠላ ሰረዝ ሳይቀረው አረመው፤ ምክር ቤቱ ማኅተሙን አሳርፎ አሳተመው።

ከዚያ ቤት ለቤት ዞርኩ። ባለሱቁን ታውቀዋለህ፤ ሲመዝን ወደ ገዢው ስለሚያጋድል ሰፈሩ «ሚዛን» ይለዋል። «ከመቶ አንድ ትላላችሁ፤ እኔ ከመቶው ጋር አንድ ቤት አድሬ አላውቅም» ብሎ አሳቀኝ። ልብስ አጣቢዋ «ቦዩ አንደኛ ነው?» ብላ ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ። ማንበብ ስለማትችል ሦስት ጊዜም ገጽ ሦስትን ገልጬ መስመሩን በጣቷ አስነካኋት። በድምፁ ቀን ታችኛው ሰፈር ከአልጋ የማይነሳ በሽተኛ ሲቀር ሁሉም ወጣ። ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆሙ። ግብሩ ያለፈው በጥቂት መቶ ድምፅ ነው፤ ያለ እኛ ሰፈር አያልፍም ነበር።

ዘጠኝ ወር ከተሰበሰበ በኋላ ምክር ቤቱ አንድ መመሪያ አወጣ። ብዙ ግብር ያስገባ ሰፈር ቀድሞ ይሠራለት አለ። ሂሳቡ ሲታይ ታችኛው ሰፈር ሰው የሚኖርበት አይመስልም፤ ያስገባው ከአንድ ሆቴል ያንሳል። ቦዩ ወደ ሰባተኛ ወረደ። አንደኛ የሆነው ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ያለው አደባባይ ነው፣ እብነ በረድና ፏፏቴ ሊሠራለት። ውሃ እኛ ቤት ሲገባ ጎርፍ ይባላል፤ እነሱ ደጅ ሲፈስ ፏፏቴ። እማዬ የወደቀችው መመሪያው ከወጣ በአምስተኛው ሳምንት ነው።

ሰፈሩ ጽሑፌን በእጁ ይዞ፣ ገጽ ሦስትን ገልጦ፣ ማዘጋጃ ቤት ሄደ። እዚያ የተሰጣቸው መልስ አጭር ነበር፤ ዝርዝሩን ምክር ቤቱ አላጸደቀውም፣ የጽሑፉ አዘጋጅ በስህተት ያሰፈረችው ነው። በማግስቱ አለቃዬ አስጠርቶኝ በሩን ዘጋ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ወረቀት ነበር፤ ሁለት መስመር ተኩል። «የሥራዎቹን ቅደም ተከተል ያለ ፈቃድ፣ በራሴ ስህተት ያሰፈርኩ መሆኔን አረጋግጣለሁ።» ከፈረምኩ ማስጠንቀቂያ ተጽፎልኝ ሥራዬ ላይ እቆያለሁ። ካልፈረምኩ እሰናበታለሁ። ከሥራዬ ጋር የሕክምና ኢንሹራንሱ አብሮ ይሄዳል፤ የእማዬን ቀዶ ጥገና የሚከፍለው እሱ ነው፣ ቀኑም ተቆርጦ ነበር።

ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን ልንገርህ። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፣ የራሱን እስክሪብቶ ከፍቶ ሰጠኝ። እኔም ሴት ልጅ አለችኝ አለኝ። ስህተት የሌለበት ሠራተኛ የለም፣ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል አለኝ። እርማቱ ሁሉ በእርስዎ ቀይ ቀለም ነው፤ ታዲያ ለምን እርስዎ አይፈርሙበትም አልኩት። እስክሪብቶውን ተቀብሎኝ መልሶ ከደነው።

ቀለም ነው ላልከኝ መልሴ ይህ ነው። ግብሩን የሚቆጣጠር ከነዋሪው የተመረጠ ኮሚቴ አለ፤ እሱ ካልፈቀደ ባንኩ አያበድርም። ዝርዝሩ ምክር ቤቱ ያጸደቀው ከሆነ ሕዝቡ ድምፅ የሰጠበት ቃል ነውና ኮሚቴው የአደባባዩን ብድር ማገድ ይችላል። የአንዲት ጸሐፊ ስህተት ከሆነ ግን ቃል የሚባል ነገር አልነበረም፤ ያ ሁሉ ሰው ፀሐይ ላይ የቆመው በከንቱ ነው። የኔ ፊርማ ቦዩን ይቀብረዋል። ለዚህ ነው እንዲህ የለመኑኝ።

ለማሰብ እስከ ኮሚቴው ስብሰባ ድረስ ጊዜ ሰጡኝ። ቤት ሄጄ ለእማዬ ሁሉንም ነገርኳት። ሰምታኝ ስታበቃ ትራሴን አስተካክይልኝ አለች። አስተካከልኩላት። ከዚያ «እኔን ሰበብ አድርገሽ እንዳትፈርሚ» አለችኝ። «ከፈረምሽም ፈርተሽ ፈርሚ።»

በዚያ ሰሞን ሰፈሩ አያናግረኝም ነበር። አልፈርድባቸውም። ልብስ አጣቢዋ አንድ ቀን መንገድ ላይ አስቁማኝ «ፀሐይ ላይ ያቆምሽን አንቺ ነሽ» አለችኝና ሄደች። የእማዬን አንሶላ ላጥብ ሳሙና ልገዛ ሚዛን ሱቅ ሄድኩ። ሳሙናውን ፊቴን ሳያይ ሰጠኝ። መልሱን ልቀበል እጄን ስዘረጋ የደረሰኝ ማሽኑን አየሁት። መደርደሪያው ጫፍ ላይ ነው፤ በአበባ ጨርቅ ተሸፍኗል፤ ላዩ ላይ የክብሪት ፓኮ ተደርድሮበታል። ከግብሩ በኋላ የሳሙናው ዋጋ ጨምሯል። ሁላችንም ጭማሪውን በየቀኑ ከፍለናል። ነገር ግን ደረሰኝ ያልተቆረጠለት ሽያጭ ማዘጋጃ ቤት አይደርስም።

የኛን ሰፈር ታውቃለህ። ጎረቤትህን ደረሰኝ መጠየቅ ሌባ ነህ ከማለት አይለይም። የጠየቀም እንደሆነ «ምነው፣ ልትከሰኝ ነው?» ይባላል፤ ተስቆ ይታለፋል። ሚዛንም ሆን ብሎ አልሰረቀም። ሌሎቹ ባለሱቆች ጨመሩ፣ እሱም ጨመረ፤ ማሽኑን ሰጡት፣ አቧራ እንዳይገባበት ሸፈነው። እኔስ? ስለ ሽያጭ ግብር አሥራ አራት ገጽ የጻፍኩት፣ ቤት ለቤት የሰበክሁት፣ ግብሩ ከመጣ ጀምሮ ከዚህ ሱቅ ስገዛ አንድ ቀን ደረሰኝ አልጠየቅሁም። አፍሬ ነው። እናቴን በሱቁ መዝጊያ የተሸከመን ሰው ከዚያ በኋላ እንዴት ብዬ ልጠይቀው? ከዚያ በፊትስ ምን ከለከለኝ? በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ «ደረሰኝ ተቀበሉ» የሚል አንድ መስመር የለም። ይህን ማንም አልከሰሰኝም። ሳሙናውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ፤ ሚዛን ሌላ የምትፈልጊው አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ የለም ብዬ ወጣሁ።

ስብሰባው ቅዳሜ ጠዋት ነበር። አዳራሹ ሞልቶ ሰው በግድግዳው ዙሪያ ቆሟል፤ ማይክሮፎኑ ያፏጫል። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ ሰው ሲንጫጫ ጠረጴዛውን በእስክሪብቶ መታ መታ ሲያደርጉ ሽማግሌው ሳይቀር ተማሪ ይሆናል። ከንቲባው «በአንዲት ሠራተኛ ስህተት የተፈጠረ አለመግባባት» እያለ ከወረቀት አነበበ። እጄን አውጥቼ ተነሳሁ። ምንም አልተሰማኝም።

ዝርዝሩ ስህተት አይደለም አልኩ፤ ምክር ቤቱ ያላየው ነገር ላይ ማኅተም አያሳርፍም፤ ስለዚህ በዚህ ወረቀት ላይ አልፈርምም። ከኋላ ጭብጨባ ተጀመረ። አላበቃሁም አልኳቸው። የኔ ስህተት ሌላ ነው ብዬ የሳሙናውን ነገር ነገርኳቸው፤ የጨርቁን፣ የማሽኑን፣ ማፈሬን። ግብሩን ከፍለናል፣ ግን የከፈልንበትን ወረቀት እርስ በርስ ስንተፋፈር አስቀርተነዋል አልኩ። ጭብጨባው ቆመ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሚዛን ተነሳ።

«ልጄ፣ በሰው ፊት ሌባ እያልሽኝ ነው?»

«እናቴን የተሸከሙበትን እጅ ሌባ አልልም» አልኩት። «ከእንግዲህ ግን ደረሰኝ እጠይቅዎታለሁ።»

ኮፍያውን አጥልቆ ወጣ። ሰብሳቢዋ አለቃዬን አስነስተው የጽሑፉን ረቂቅ ያረመው እሱ መሆን አለመሆኑን ጠየቁት። «አላስታውስም» አለ። በሐሰት አልመሰከረም፤ በእውነትም አልመሰከረም። ረቂቁ ያለው በእሱ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ኮሚቴው ረቂቁ ተፈልጎ እስኪቀርብ የአደባባዩን ብድር ለስልሳ ቀን አገደ። ያገኘነው ይኸው ነው። ቦዩ ወደ አንደኛ አልተመለሰም፤ ፏፏቴውም አልተጀመረም።

ሰኞ ጠዋት የማዘጋጃ ቤቱ ዘበኛ በር ላይ አንድ ካርቶን ሰጠኝ። ኩባያዬ፣ ማስመሪያዬ፣ ቢሮ የምቀይረው ነጠላ ጫማዬ፣ በላዩም የስንብት ደብዳቤው። ሰውየው አፍሮ መሬት መሬት ያያል፤ እኔ ነኝ ያጽናናሁት። ከሰዓት በኋላ ከሆስፒታሉ ተደወለ፤ የሐሙሱ ቀዶ ጥገና ተሰርዟል፣ ስማችን ከኢንሹራንሱ መዝገብ ወጥቷል። በመንግሥት ሆስፒታል ተራ አስይዣለሁ፤ አምስት ወር ይፈጃል። ሐኪሙ እስከዚያ አጥንቱ እንደ ተጣመመ ይጠነክራል ብሏል።

ሚዛን ሱቁን ሦስት ቀን ዘጋ። በአራተኛው ቀን ሲከፍት ጨርቁ ተነስቷል። ደረሰኝ ይቆርጣል፤ ግን እንደ ስድብ ነው የሚወረውረው፣ «እንካ፣ ማስረጃህን ያዝ» እያለ። ሰፈሩም እልህ ይዞት ክብሪት ለገዛበት ሳይቀር ይጠይቀዋል። ልብስ አጣቢዋ የእሷን በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ታጠራቅማለች። ትናንት ይዛልኝ መጥታ ምን ይላል አንብቢልኝ አለችኝ፤ አነበብኩላት። ሳሙና፣ ሳሙና፣ ሳሙና፣ ጨው። ሰምታ ስትጨርስ «እና እኔ ነኝ ያልከፈልኩት?» አለችኝ። ታርቀናል መሰለኝ።

አሁን ደግሞ ማንም የማያውቀውን ልንገርህ። ባለፈው ዓርብ አንድ ፖስታ መጣልኝ። ያው ወረቀት ነው፤ ቀኑ ብቻ ተቀይሯል። ስልሳው ቀን ሳያልቅ ከፈረምኩ ሥራዬ ይመለስልኛል፣ ኢንሹራንሱ ከዚያው ቀን ይቀጥላል፣ እማዬም በሳምንቱ ትታከማለች። የመጀመሪያውን ወረቀት ለእማዬ ነግሬአት፣ በእሷ ቃል ተደግፌ ነው እምቢ ያልኩት። ያኔ ሕመሙ እንዲህ አልነበረም። አሁን በጎኗ ስናገላብጣት ፎጣ ትነክሳለች፤ ድምፅ እንዳይወጣት። ይህኛውን ብነግራት የምትለውን አላውቅም። «ፈርሚ» ብትለኝስ? ስለዚህ አልነገርኳትም። ዛሬ ጠዋት ሳልፈርም መልሼ ላክሁት።

ትጸጸቻለሽ ወይ ብትለኝ፣ ዳሌዋን ይዤ ሳገላብጣት እጸጸታለሁ። አንሶላውን አስተካክዬ ስወጣ አልጸጸትም። ሁለቱም በቀን አራት አራት ጊዜ ይደርሱብኛል፤ ለምጃቸዋለሁ። ለሕክምናዋ የምትችለውን ያህል ላክ፤ በዚህ አልኮራም። ምክር ግን አትላክልኝ።

ባለቤትህን በጣም ሰላም በልልኝ፤ ከጉንፋኗ ስትድን እሷው ትጻፍልኝ፣ የእሷ እጅ ጽሑፍ ካንተ ይሻላል። ትንሿን ልጅህን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ፣ እንዳትነክስህ ተጠንቅቀህ። እማዬ አጠገቤ ናት፤ ወገቡን ሳያሳርፍ ስለ ዳሌዬ እንዳይጠይቀኝ በዪው ብላለች፣ ሦስታችሁንም መርቃለች። ልብስ አጣቢዋ ሰላም ብላሃለች። ሚዛን ሰላም በዪው አላለኝም፤ ስምህን ሳነሳ ግን ያ ጎበዝ ደህና ነው ወይ ብሎ ደረሰኙን በእጄ ሰጠኝ እንጂ አልወረወረውም።

ታናሽ እህትህ

ከታችኛው ሰፈር፣ ከፈፋው ማዶ ካለው ቤታችን
ረቡዕ፣ በወሩ አሥራ ዘጠነኛው ቀን